ከአሥራ አራት በላይ

ናዝሬት፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለገሰ፣

ባለህበት በሲልቨር ስፕሪንግ የጌታ ጥበቃ አይለይህ እያልኩ የናፍቆት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ጉልበቴ ከሚያጉረመርመው በቀር ክብር ለእርሱ ይሁንና ደህና ነኝ።

ስልክ ብደውል አታነሳም። በቴሌግራም ድምፄን ቀድቼ ብልክልህ "እትዬ፣ ጻፊልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ብለህ ትጽፍልኛለህ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ ላይ እንደሆነ ጌታ ይወቀው። ስለዚህ ይኸው እንደ ጥንቱ በእስክሪብቶ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ጥላ የእኔው ራስ ነው፤ የትም ብቆም አልሄድልኝ አለ።

በፋሲካ ዕለት ደውለህልኝ የነገርኩህን አልረሳሁትም። አንተ ያልከኝንም አልረሳሁትም። ስቀህ "በጣም ደስ ይላል፣ በርቺ" ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን ሰምቼው አላውቅም። ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ንገረኝ። ከሌለም ለምን እንደምትሸሸኝ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ሁለት ሰው ደግሞ ለኩርፊያ አይበቃም።

እልክልሻለሁ ያልከኝን ማይክሮፎን አትግዛው። አያስፈልግም።

ጸሎቴ ካንተ ጋር ነው።

እህትህ እንግዳወርቅ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔን አዝሎ ያሳደገውን ጉልበትሽን ጌታ ያጽናልኝ። ልጄ ሶሊም ከፌርፋክስ ሰላም ትልሻለች። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ምንም አላስቀየምሽኝም። ማን ነው የተኮራረፈው? ስልኬ ነው የተበላሸው፣ ድምፅ ይቆራርጣል። ሌላ እስክገዛ እንጻጻፍ። ደግሞ የእጅ ጽሑፍሽ ደስ ይላል። ማይክሮፎኑን ቀድሜ ገዝቼዋለሁ፤ ለኳየርሽ የሚመጥን ነው፣ ሰው ሲመጣ እልከዋለሁ።

አሁን ሥራዬን ልንገርሽ። ከኤርፖርት ጡረታ ስወጣ፣ አውሮፕላን ሥር ሻንጣ አብረን ስንጭን የኖርን ጓደኞቼ ተዋጥተው ከመሬት በታች ያለ ብረት የሚፈልግ ማሽን ሰጡኝ። እኛ ዲቴክተር ነው የምንለው። ረጅም ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ ክብ ሳህን አለው። ሳህኑን ሣሩ ላይ ወዲህና ወዲያ እያወዛወዝሽ ትሄጃለሽ፤ ከሥር አንዳች ብረት ካለ በሄድፎኑ ጆሮሽ ላይ ይጮሃል። ከዚያ ተንበርክከሽ መቆፈር ነው።

እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ከጀርባው ሰፊ ሣር አለው። መኪና ማቆሚያ ስለጠበበን በቅርቡ አስፋልት ሊያለብሱት ነው፤ ፓስተሩ "እስከዚያው ጋሽ ለገሰ ይፈልግበት" ብሎ ፈቀደልኝ። ድሮ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ነበር ይላሉ። ልጅ ደግሞ ሳንቲም ይጥላል፤ ድሮ የተሠሩት አሥር ሳንቲሞች፣ ዳይም የሚሏቸው፣ ከብር የተሠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ያንቺ ሙያ አስፈለገኝ። ማሽኑ ያገኘውን ነገር በአምስት ይከፍለዋል፤ ተራ ብረት፣ ፎይል፣ የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት፣ መዳብ እና ብር። እያንዳንዱ የሚጮህበትን ድምፅ የምትመርጭለት አንቺ ነሽ። ድምፁ ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ አንድ ወፍራሙ፣ ሃያ አምስት ቀጭኑ። ፋብሪካው መርጦ የላከው አልተስማማኝም። ዕድሜሽን ሙሉ ሰው ስታዘምሪ የኖርሽ ስለሆንሽ አምስት ድምፅ ምረጪልኝና ልሞክረው።

ወንድምሽ ለገሰ


ናዝሬት፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገሰ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልህ።

ማይክሮፎኑን አትላክ ብዬሃለሁ። ለምን እንደሆነ በፋሲካ ነግሬሃለሁ፤ ደግሜ አልናገረውም።

ከፋሲካ ወዲህ ያልነካሁትን አኮርዲዮን ላንተ ማሽን ስል ከሳጥኑ አወጣሁት። ቁጥሮቹ እንደ አኮርዲዮን ቁልፍ በየግማሽ ድምፅ የሚወጡ ከሆነ እንዲህ አድርጋቸው። ብረቱን 1፣ ፎይሉን 8፣ የጣሳውን ቀለበት 13፣ መዳቡን 17፣ ብሩን 20። አምስቱ አብረው ቢጮሁ እንኳ አይጣሉም፤ ተስማምቶ የሚዘምር ኳየር ማለት ነው፣ ብሩ ደግሞ ሶፕራኖዋ፣ ቀጭኗ ድምፅ ናት። ቁልፎቹን ስነካካ ጎረቤቶቼ የሞተ ሰው የተነሣ መስሏቸው በር ድረስ መጡ።

ስልኩን ቶሎ አሠራው። ያለ ድምፅህ ቤቱ ይከብደኛል።

እንግዳወርቅ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

ክረምቱ በሰላም ይግባልሽ። እኔ እዚህ በሙቀት ተቀቅያለሁ፤ ሣሩ ላይ አንድ ሰዓት ከቆየሁ ሸሚዜ ይጨመቃል።

ድምፆችሽ ድንቅ ናቸው። ችግሩ በጣም ድንቅ መሆናቸው ነው። ሳህኑ ምስማር ላይ ሲያልፍ ደስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቆፈርኩ። ፎይል ላይ ሲያልፍ ከዚያ የባሰ ደስ ይላል፣ ቆፈርኩ። የጣሳ ቀለበት ላይ ሲደርስማ አምልኮ የተጀመረ ነው የሚመስለው፤ ተንበርክኬ ቆፈርኩ። ፓስተሩ በመስኮት አይቶኝ የምጸልይ መስሎት ሌሎቹን "አትረብሹት" ብሏቸዋል አሉ። እንዲህ እያልኩ አንድ ከረጢት ቆሻሻ ሞላሁ። አንዲት ሳንቲም እንኳ የለችበትም። ፓስተሩ ግን ሜዳው ጸዳ ብሎ አመሰገነኝ።

ጓደኛዬ ከፈለ፣ ያ ግሪንቤልት የሚኖረው ባለታክሲ፣ እሱም የራሱ ዲቴክተር አለው፤ ሲስቅብኝ ዋለ። እስቲ ሌላ ዘዴ ፈልጊልኝ።

ስለ ፋሲካው አትቀየሚኝ፤ ያን ቀን ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ ነበር። ኳየርሽስ እንዴት ነው? ለአዲስ ዓመት የምታስጠኚያቸው መዝሙር አለ?

ወንድምሽ ለገሰ


ናዝሬት፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገሰ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ኳየሩ የጠየቅከኝን አልመልስም። እያላገጥክብኝ ከሆነ ጌታ ይቅር ይበልህ። ደብዳቤህን አንብቤ ሳበቃ እራት አልበላሁም።

ማሽንህን በተመለከተ ስሕተቱ የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፅ እንዲስማማ ሳደርግ ስለኖርኩ ለቆሻሻውም ዜማ ሰጠሁት። ቆሻሻ መጣያ ነው የሚያስፈልገው እንጂ ቦታ አይሰጠውም። ብረቱን 1፣ ፎይሉን 2፣ ቀለበቱን 3 አድርጋቸው፤ እርስ በርስ እየተፋጩ ያስጠሉሃል፣ ዝም ብለህ ታልፋቸዋለህ። መዳቡን 17፣ ብሩን 20 ላይ ተዋቸው። ከዚያ ጥሩ ነገር የሰማህ ቀን ብቻ ትቆፍራለህ።

እንግዳወርቅ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ፣

ካሌክሳንድሪያው ሣር ገና እንደተመለስኩ ጤናሽን እመኛለሁ። ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም እራት ያስተወሽ ነገር አንጀቴን በልቶታል። ያላገጥኩብሽ ነገር የለም፤ አንቺ ላይ ማን ያላግጣል?

አንድ ደስ የሚል ወሬ አለኝ፤ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። እንዳልሽው አስተካክዬ ወጣሁ። ግማሽ ቀን ተመላለስኩ፤ ከማጉረምረም በቀር የሰማሁት የለም። ሜዳው ጸጥ አለ። ከዚያ ተጠራጠርኩና ከኪሴ ሳንቲም አውጥቼ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሳህኑን በላዩ አሳለፍኩት። ምንም። ድምፁን በአንድ በአንድ ቁጥር እያወረድኩ ደጋገምኩት። አሥራ አራት ላይ ስደርስ ከሩቅ ያለ ትንኝ የሚያህል ተሰማኝ፣ አሥራ ሁለት ላይ ደህና ሆነ። ስለዚህ የማሽኑ በሽታ ተገኘ ማለት ነው፤ ከአሥራ አራት በላይ ያለውን ድምፅ አያወጣም።

አዲስ ሄድፎን ገዛሁ፣ ያው ነው። የከፈለን ማሽን ተዋስኩ፤ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ከኔ ይበልጣል። እሱም ያው ነው። ጭራሽ ድምፁን እስከ መጨረሻ ብከፍተው ከፈለ አጠገቤ ቆሞ ሄድፎን ሳያደርግ "ኧረ እየጮኸ ነው፣ ጎረቤት እየረበሸ ነው" እያለ ያሾፍብኛል። እድሜ ልኩን እንዲህ ነው፣ ቁም ነገር የለውም።

መላውን ግን አገኘሁለት። ሁሉንም ወደ ታች አወረድኩት፤ ብሩን 10 ላይ አደረግኩት። በማግሥቱ ከአሮጌው ዛፍ ሥር አንድ ብቻ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ቆፈርኩ። ጥቁር ሆኖ ጭቃ የተጣበቀበት ዳይም፤ በአውራ ጣቴ ሳሸው ነጭ ሆኖ ወጣ። ብር ነው እትዬ። ሣሩ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ለገሰ


ናዝሬት፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጌዬ፣

የሰማይ አምላክ እጁን ጆሮህ ላይ ይጫንልህ። ለምን በዚህ እንደጀመርኩ አሁን ይገባሃል።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው ማሽኖች አንድ ቁጥር ላይ አይታመሙም። አዲስ ሄድፎን ከአሮጌው ጋር ተማክሮ አንድ ቦታ ላይ አይበላሽም። ከፈለም አላሾፈብህም። የሰማውን ነው የነገረህ። ማሽኑ ይጮህ ነበር፤ ያልሰማኸው አንተ ነህ።

ስንት ዘማሪ በእጄ እንዳለፈ ታውቃለህ። ጆሮው የደከመ ሰው ሁሉም ድምፅ እኩል አይጠፋበትም፤ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ነው። ወፍራሙ ስለሚቀር "እሰማለሁ" ይላል፣ ሲልም አይዋሽም። አንተም የከፈለን ጎርናና ድምፅ ትሰማለህ። የፓስተሩን ትሰማለህ። እኔ ግን ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ ታውቃለህ፤ እናታችን "ከጠላ ማጥለያ የሚወርድ ያህል ቀጭን" ትለኝ ነበር። እኔ ከአሥራ አራት በላይ ነኝ ለጌ።

ስለዚህ ስልኩ አልተበላሸም። በፋሲካ የነገርኩህንም አልሰማኸውም። ስታለቅስ የነበረች እህትህ የምትስቅ መስላህ አብረሃት ሳቅክ። እንዲህ ነው የሆነው፣ አይደለም?

ይህን ሳውቅ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ። ደስ አለኝ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ መስማት እየተሳነው እኔ ደስ አለኝ። ስንት ወር ሙሉ የጨከንክብኝ መስሎኝ ነበር። ደስታው ሲያልፍልኝ ደግሞ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም አንተ ይህን ታውቅ ነበር፣ ወይም ማወቅ አልፈለግክም፣ ብቻህንም ይዘኸው ከረምክ።

ሐኪም ዘንድ ሂድ። አሁን የምለምንህ ይህን ብቻ ነው። ማይክሮፎንም፣ ልብስም፣ መድኃኒትም አትላክልኝ።

እህትህ እንግዳወርቅ


ናዝሬት፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገሰ፣

ደብዳቤዬ ሥር ሁለቱ ምልክት ታይቷል፤ ከፍተህ አንብበኸዋል። መልስ ግን የለም። ወር አለፈው። ተቆጥተህ ከሆነ ተቆጥተህ ጻፍልኝ። ከዝምታህ ቁጣህ ይሻለኛል።

ጌታ ይጠብቅህ።

እንግዳወርቅ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

እኔ ደንቆሮ አይደለሁም። ናዝሬት ተቀምጠሽ በአኮርዲዮን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው አትመረምሪም። ከሶሊ ጋር ተማክራችሁ ነው? እሷም ቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር "ዳድ፣ ዘ ቮልዩም፣ ፕሊስ"፣ ድምፁን ቀንስ፣ ማለት ነው ሥራዋ። ቤቴ መጥታ ስታወራኝ ግድግዳ መስላ ፊቴ ቆማ ነው፣ እጇን እያወናጨፈች።

ለብዙ ዓመት አውሮፕላን ሥር ቆሜ ሠርቻለሁ፤ ጆሮዬ ቢሄድ ኖሮ ያኔ በሄደ ነበር። የሽማግሌ መስሚያ ዕቃ ጆሮዬ ላይ አንጠልጥዬ ቤተ ክርስቲያን አልገባም።

ለገሰ


ናዝሬት፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ተቆጥተህም ቢሆን ስለጻፍክልኝ ተመስገን።

እኔን አትመነኝ። ማሽንህን ግን ታምነዋለህ። እንዲህ አድርግ። ብሩን መልሰህ 20 ላይ አውጣው። ሄድፎኑን ንቀልና ድምፁ ወደ ውጪ ይሂድ። ከፈለ ከኋላህ ይቁም፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን ያንሣ። አንተም በሰማህ ቁጥር እጅህን አንሣ። ሳህኑን ያገኘኸው ዳይም ላይ አመላልሰው። ሌላ ሰው በስልክ ይቅረጻችሁና ከዚያ ተያዩት። እጃችሁ እኩል ከተነሣ ጽፈህ ስደበኝ፤ እቀበላለሁ።

ሌላም ልንገርህ። በፋሲካ የነገርኩህን በደብዳቤ አልጽፈውም። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በአፌ ነው የምነግርህ፣ አንተም በጆሮህ ነው የምትሰማው። እስከዚያ ድረስ ላንተ አስቀምጬዋለሁ፤ ለሌላ ሰው አልነገርኩም።

እንግዳወርቅ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ። ይህን የምጽፍልሽ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ እየሰማሁ ነው። ያንኮሻኩሻል። ረስቼው ነበር።

ያልሽውን አደረግነው። የቀረጸን ፓስተሩ ነው። እኔ ሳህኑን አመላልሳለሁ፣ እጄን የማነሣበት ቀን ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ቪዲዮውን ስናየው ከኋላዬ ያለው ከፈለ ዓይኑን ጨፍኖ እጁ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ፤ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያነሣው። የእኔ እጅ አንዴም አልተነሣም። ከፈለ ሁሌ እንደሚስቅ ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን አልሳቀም። ማሽኔን ራሱ ተሸክሞ መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ።

ለሶሊ ነገርኳት። ምንም አልተቆጣችኝም፣ "ታንክ ጋድ" ብላ አቀፈችኝ። ከሥራ አስፈቅዳ ይዛኝ ሄደች። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ሄድፎን አደረጉልኝ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። ከወፍራሙ ጀምሮ ወደ ቀጭኑ ይሄዳል። ይሄማ እኔ የማውቀው ሥራ ነው አልኩ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ ስታሳየኝ መስመሩ ደህና መጥቶ መጥቶ መሃል ላይ ቁልቁል ይወርዳል። የት ላይ እንደሚወርድ ሳልጠይቃት አውቀዋለሁ። "ሻንጣ የጫንኩት ለሰው ነው፣ በጆሮዬ የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ" አልኳት፤ ሶሊ አልተረጎመችላትም።

ሁለት ትንንሽ ዕቃ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ከፊት የሚያየኝ ሰው አያያቸውም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁን ከፋፍላ አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ማድረግ ጀመረች፤ የእኔው ዲቴክተር ማለት ነው። "ቀጭኑን ጨምሪልኝ" አልኳት። "ብዙ ሰው ይከብደዋል፣ ቀስ ብለን ብንጨምር ይሻላል" አለችኝ። "ማይ ሲስተር ኢዝ አፕ ዜር"፣ እህቴ እዚያ ላይ ናት፣ አልኳት። አየችኝና ጨመረችልኝ።

መኪና ውስጥ ስገባ አንድ ነገር ይንጫጫል። ሶሊን "ምንድን ነው?" አልኳት። ፍሬቻው ነው። ያ ሁሉ ሰው አውራ ጎዳና ላይ ጥሩምባ የሚነፋብኝ ለካ ፍሬቻ ሳላጠፋ ብዙ ማይል ስለምነዳ ነው። እኔ ደግሞ የዚህ አገር ሰው ክፉ ሆነ እያልኩ ነበር።

እትዬ፣ አዎ፣ አውቅ ነበር። ስልክ ላይ የምትዪው ሁሉ ጭጋግ ሆኖብኝ ነበር። ደጋግሜ "ምን አልሽ?" ማለት አፈርኩ። ስለዚህ ድምፅሽ ከፍ ሲል እስቃለሁ፣ ዝቅ ሲል "እሺ" እላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራልኝ ነበር። በፋሲካ አልሠራም። ምን እንዳልሽኝ ሳላውቅ ስንት ወር እንደፈራሁ ብታውቂ። ለመጠየቅ ደግሞ አለመስማቴን ማመን ነበረብኝ።

መቼ ልደውልልሽ?

ወንድምሽ ለገሰ


ናዝሬት፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጌ፣

እግዚአብሔር ይመስገን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ደውል። ካሁኑ የምነግርህን ለብቻዬ እየተለማመድኩት ነው፤ መጀመሪያ ቀን መድረክ የወጣሁ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ድምፄ አርጅቷል፤ ሰምተህ እንዳትደነግጥ።

እንግዳወርቅ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ አሁን ከስልክ ላይ መነሣቴ ነው። ስልኩን ስለዘጋሁት በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጊልኝ። በአፌ ማለት ያቃተኝን ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። እንዳታስቢ፣ አንድም አላመለጠኝም። በፋሲካ ዋዜማ ሽማግሌዎቹ ጠርተው ነጠላ እንዳለበሱሽ፣ "ብዙ አገልግለሻል፣ አሁን ዕረፊ" ብለው ኳየሩን ለወጣቶቹ እንደሰጡብሽ ሰማሁ። ጉባኤው ሁሉ ሲያጨበጭብልሽ ፈገግ ብለሽ እንደቆምሽ፣ ቤት ስትገቢ አኮርዲዮኑን ሳጥኑ ውስጥ ከተሽ አልጋው ሥር እንደገፋሽው ሰማሁ። "ሁሉም አመሰገነኝ፣ ማንም ግን አልጠየቀኝም" ስትዪ ድምፅሽ መሃል ላይ ሲሰበር፣ እሱንም ሰማሁት። ለሰው ሳትነግሪ አድረሽ፣ በማግሥቱ ስደውልልሽ መጀመሪያ የነገርሽው ለእኔ መሆኑን ሰማሁ። እኔም ስቄ "በጣም ደስ ይላል፣ በርቺ" አልኩሽ።

የሰፈር ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤትሽ እየመጡ መዘመር መጀመራቸውንም ነገርሽኝ። ስትነግሪኝ ሳቅሽ። የሳቅሽው መሳቅ መሆኑን ለየሁት፤ ይሄም ለእኔ አዲስ ነገር ነው።

ከዚያ "ለገሰ፣ ሰማኸኝ?" አልሽ። ቆየሽና "ምነው፣ ዕቃው ጠፋ እንዴ?" አልሽ። ደግመሽ ጠራሽኝ፣ ድምፅሽ ፈራ። እኔ ደግሞ ስልኩን ዘጋሁት።

ዕቃው አልጠፋም እትዬ። በፋሲካ ላለቅስልሽ ይገባኝ የነበረውን አሁን እያለቀስኩልሽ ነበር።

ወንድምሽ ለገሰ